ሌሊት የሚቀሰቅስ ራስ ምታት፦ ሰዓቱን ያዙት

አዳማ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ጭር አትልም። በጅቡቲ መንገድ የሚያልፍ የከባድ መኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ውሻ ይጮኻል። የሙቀት ወር ከሆነ የየቤቱ ቬንቲሌተር ያጉረመርማል። ይህን የማውቀው በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ብዙ ሌሊት ስላደርኩ ነው። ግራ ዓይኔ ውስጥ የጋለ ብረት የገባ ይመስለኛል። ዓይኔ ያነባል። የግራ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ከዚያ እንደ ውኃ ይፈስሳል። መተኛት አልችልም፣ መቀመጥም አልችልም። ግንባሬን የግቢው የብረት በር ላይ እለጥፋለሁ፤ ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ። አርባ ደቂቃ፣ ሲብስ አንድ ሰዓት። ከዚያ እንደመጣው ድንገት ይሄዳል። ጠዋት ሥራ ስገባ ደህና ሰው ነኝ። ማን ያምነኛል?

እናቴ ምች ነው አለች። ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ፣ ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝ። እጇ ላይ ያለው ፍቅር ራሱ መድኃኒት ነው፤ ሕመሙ ግን በማግሥቱ በሰዓቱ መጣ። አንድ ክሊኒክ ሳይነስ ነው ብሎ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። ሌላ ቦታ ጥርስ ነው ተባልኩና የላይኛው መንጋጋዬ ላይ አንድ ጤነኛ ጥርስ ተነቀለ። ክፍተቱን ምላሴ እስከ ዛሬ ይነካዋል። በዚህ መሀል ሦስት ዓመት አለፈ።

የማታ ማታ አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ያለሁበትን ስነግራት ቆይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሲያምዎት ጋደም ይላሉ ወይስ ይንጎራደዳሉ?» እንጎራደዳለሁ አልኳት። «ሰዓቱስ?» ያው ነው፣ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ተኩል ባለው ውስጥ። ብዕሯን አስቀመጠችና ክላስተር የሚባለውን ራስ ምታት እንደምትጠረጥር ነገረችኝ። ያን ቀን የገባኝን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። እንቅልፍ የሚነሳ ራስ ምታት ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚለየውም ብዙውን ጊዜ በመሣሪያ ሳይሆን በሰዓቱ፣ በቆይታውና ሲያምህ በምታደርገው ነገር ነው።

ክላስተር ማለት እንደ ወይን ዘለላ አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚመጣ ማለት ነው። ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት በየቀኑ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይመጣል፤ ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠፋል። አንዱ ጥቃት ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። በሁለት ቀን አንዴ ከመምጣት ጀምሮ በቀን እስከ 8 ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በአንድ ወገን ነው፣ ዓይን ውስጥ ወይም ዓይን ዙሪያ። በዚያው ወገን ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ከ1,000 ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ነው። ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሴቶችን ግን አይነካም ማለት አይደለም። ሴት ስትሆን ማይግሬን ነው ተብላ ዓመታት የምትባክንበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ጥርሴ ለምን እንደተነቀለም የገባኝ ያኔ ነው። ፊታችን ላይ ስሜት የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የሚባል ነርቭ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና የላይኛው ጥርስ፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ይህ ነርቭ ሲነሳ አንጎል ሕመሙ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደመጣ አጥርቶ አይለይም። ዓይን ሆኖ ጥርስ ይመስላል። የአፍንጫው ፈሳሽ ደግሞ ሳይነስ ያስመስለዋል። እንባውና ንፍጡ ግን ከኢንፌክሽን የመጡ አይደሉም፤ ነርቩ ሲቆጣ አብሮት የሚነቃ ሌላ የነርቭ መስመር ነው የሚያፈስሳቸው።

ሰዓት የሚጠብቀውስ ለምንድን ነው? አንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ የሰውነት ሰዓት በሉት። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ ሐኪሞች በክላስተር ጥቃት ላይ ያሉ ሰዎችን አንጎል ምስል አነሱ። በሃይፖታላመስ አካባቢ የነቃ ቦታ አገኙ። ብዙ ሰው ከተኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በዚያው ሰዓት የሚነሳው ለዚህ ነው ተብሎ ይታመናል። እኔን ይህ በጣም አጽናናኝ። ሌሊት ላይ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ነገር ሰው ስለ ሌላ ነገር እንዲያስብ ያደርገዋል፤ በእኛ ሰፈርም ያልተባለ የለም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ እኔም ሄጃለሁ። ግን ሐኪሙንም አትተዉ።

ሕክምናው ላይ አንድ ነገር ልቤን ያቃጥለኛል። ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም አይረባም። ኪኒኑ ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ጥቃቱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። መድኃኒቱ ሲደርስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ እየሄደ ነው፣ እኛም «ፓራሲታሞሉ አሻለኝ» እንላለን። የሚረዳው ሌላ ነው፤ ኦክስጅን። ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ አፍና አፍንጫን ግጥም አድርጎ በሚሸፍን ማስክ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ለ15 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ ከታከሙት ጥቃቶች 78 በመቶዎቹ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሕመሙን እንዳጠፉ ወይም በቂ እፎይታ እንደሰጡ አሳይቷል። ሳያውቁት ተራ አየር በተሰጣቸው ጊዜ ግን 20 በመቶ ብቻ ነበር። ችግሩ በትንሽ የአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 2 ሊትር ከተሰጣችሁ ብዙም አይሠራም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሄዳችሁ ይህን መጠን በትሕትና ጠይቁ። የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ኦክስጅን ባለበት ቤት ደግሞ ሲጋራም፣ ከሰልም፣ ሻማም አይጠጋም።

ከኦክስጅን ሌላ ሱማትሪፕታን የሚባል መርፌ አለ፤ የልብ ሕመም ላለበት አይሰጥም። ጥቃቱ እንዳይመጣ አስቀድሞ የሚወሰድ ደግሞ ቬራፓሚል አለ። ይህ መድኃኒት የልብን ምት ስለሚነካ የልብ ምርመራ ወረቀቱን እያዩ ነው መጠኑን ከፍ የሚያደርጉት። ጎረቤት ስለዋጠው አትዋጡት።

ሐኪሟ ሁለተኛ ቀጠሮ ስትሰጠኝ ያዘዘችኝ ትልቁ ነገር ደብተር ነው። ተራ የተማሪ ደብተር። ከትራሴ አጠገብ አስቀመጥኩት። ገጹ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ኅዳር 3፦ ሌሊት 7፡50። ግራ ዓይን፣ እንባ። 55 ደቂቃ። ተንጎራደድኩ።
ኅዳር 4፦ ሌሊት 8፡05። ግራ። 40 ደቂቃ።
ኅዳር 5፦ የለም። ልቅሶ ቤት አደርኩ፣ አልተኛሁም።
ኅዳር 6፦ ቀን 9 ሰዓት ላይ ጋደም ብዬ ቀሰቀሰኝ። ሌሊት ደግሞ 7፡45።»

እኔ ቀኑን ሙሉ አፌን ሞልቼ ብናገር ይህን ያህል አልናገርም ነበር። ኅዳር 5ና 6ን ሐኪሟ በጣቷ እየነካች ሁለቴ አነበበቻቸው። ሕመሙ ከጨለማው ጋር ሳይሆን ከእንቅልፉ ጋር እንደሚሄድ ያሳዩት እነሱ ናቸው።

የእናንተ ደብተር ግን ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል።

ለምሳሌ ማይግሬን። ማይግሬን ያለበት ሰው አይንጎራደድም። ጨለማ ክፍል ገብቶ ድርቅ ብሎ ይተኛል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ጊዜ ወገግ ሲል ይጀምራል። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ራስ ምታት ከሁሉ በላይ በቁጥር የሚበዛው ይሄው ሊሆን ይችላል፤ ደግነቱ ጥሩ ሕክምና አለው።

ሌላው ለእኛ ቡና ጠጪዎች የሚገርም ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚጀምር፣ እንቅልፍ ላይ ብቻ የሚመጣ፣ በየሌሊቱ እንደ ደወል በአንድ ሰዓት የሚቀሰቅስ ራስ ምታት አለ። ሂፕኒክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ኒል ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ነው መጀመሪያ የጻፈበት። ከነቁ በኋላ ከ15 ደቂቃ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። እንባም ንፍጥም የለውም፣ ሰውየውም አይንጎራደድም። ተነስቶ ውኃ ይጠጣል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ምን መሰላችሁ? ከመኝታ በፊት አንድ ስኒ ቡና ለብዙዎች ይሠራል። እንቅልፋቸውን የማይነሳቸውም አሉ። ይህን ግን ሐኪም ሌላውን ሁሉ ካጣራ በኋላ ነው የሚሞከረው። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ ራስ ምታት ዝም ብሎ በቡና አይታለፍም።

ቡናው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በቀን ሦስት አራት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ይፈልጠዋል። ጾም ሲገባ ቡናን አብሮ የሚተው፣ ወይም ረመዳን ላይ ሰዓቱ የተዛባበት ሰው ሌሊት ሊነቃ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ስኒውን እየቀነሱ መሄድ ይበቃል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ከሰል። ቡና ተፈልቶ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ «ጠፍቷል» ተብሎ ምድጃው ክፍል ውስጥ ይታደራል። አዳማ ሞቃት ናት ብለን አንዘናጋ፤ በክረምት ዝናብና በጥቅምት ብርድ ስንቱ ቤት በርና መስኮት ዘግቶ ይተኛል። አመድ የለበሰ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዛል፤ አጥብቆ የመያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። አንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ካዞራቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው እሱ ነው። መድኃኒት አትፈልጉ። መጀመሪያ ሁሉንም አውጡ፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ሩጡ። አንድ ሰው ከመተኛቱ በፊት ምድጃውን አውጥቶ ደጅ ማኖር አለበት፤ በረንዳ ላይ ማለቴ ነው፣ ኮሪደር ላይ አይደለም።

ማስታገሻው ራሱ ሕመም የሚሆንበት መንገድም አለ። እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ፓራሲታሞል ወይም ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው፣ ይህን ከሦስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ አንጎሉ መድኃኒቱን ይለምድና ሲጎድል ራሱን ያመዋል። ለትራማዶል፣ ለኮዴይንና ለተቀላቀሉ ማስታገሻዎች ድንበሩ 10 ቀን ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚያልቀው ሌሊት ስለሆነ ወደ ንጋት ላይ ሕመሙ ይቀሰቅሳል። ሰውየው ተነስቶ ይውጣል። ይለቀዋል። ነገም እንዲሁ። ስታቆሙ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይረግባል። ትራማዶል የለመደ ሰው ግን ብቻውን ድንገት አያቁም። ፋርማሲ ስትሄዱ «ስንት ቀን ዋጥኩ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ደብተሩ ላይ አለ።

የሚያንኮራፋ ሰውስ? ማንኮራፋቱ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ፣ ትንፋሹ ጠፍቶ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተርበትብቶ የሚነሳ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅኑ እየወረደ እየወጣ ነው። ጠዋት ሲነሳ ራሱን በሁለቱም ወገን ይጫነዋል፣ በጥቂት ሰዓት ይለቀዋል፣ ቀን ደግሞ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ይህን የሚያየው አብሮት የሚተኛው ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ሌሊት ለሚነዱ ሾፌሮች ይህ የራስ ምታት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጫት ቅሞ እንቅልፍ ያጣ፣ ከዚያ መርቀናውን ለመስበር ጨብሲ የገባ ሰው ራሱን ቢያመው አይገርምም። ክላስተር ላለበት ግን መጠጥ ሌላ ነገር ነው። ዘለላው በመጣበት ወቅት አንድ ቢራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቃት ሊያስነሳ ይችላል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ያው ቢራ ምንም ላያደርግ ይችላል። እኔ ወቅቱ ሲመጣ ሠርግ ላይም ውኃ ነው የምይዘው፤ ሰው ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ደም ግፊትን ሁሉም ይጠራዋል። እውነቱ፣ ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ ራስ አያሳምምም፤ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው አደገኛ ያደረገው። ራስ ምታት የሚያመጣው እንደ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። ተለኩ፣ ግን «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለኝም» አትበሉ።

ዕጢ ይሆን እንዴ? ሌሊት ግቢ ውስጥ ስቆም የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ሌላ ምልክት የሌለው ራስ ምታት ዕጢ ሆኖ የሚገኘው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። የሚያስጠረጥረው ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ፣ ጠዋት ከማስታወክ ጋር የሚመጣ፣ ስንተኛ ወይም ስናስል የሚብስ፣ ወይም በአዋቂ ሰው ላይ አዲስ የሚጥል ሕመም የጨመረ ነው። ሲተኙ የሚብሰውና ጎንበስ ሲሉ ለሰከንዶች ዓይን የሚጋርደው ደግሞ በተለይ ክብደት የጨመሩ ወጣት ሴቶች ላይ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሊሆን ስለሚችል፣ ዓይን ሳይጎዳ መታየት አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ አሉ። በሰከንዶች ውስጥ ጫፍ የደረሰ፣ በሕይወት ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታት የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ባጃጅም ሆነ አምቡላንስ ፈልጋችሁ ሂዱ። ትኩሳትና አንገት መገተር ካለ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተምታታ፣ ሰውየው ካንቀላፋና ለመቀስቀስ ካስቸገረ እንዲሁ። አዳማ የወባ አገር ስለሆነ ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት የደም ምርመራ ሳይደረግለት አይታደር። ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው አዲስ ራስ ምታት ሲይዘው በቶሎ ይታይ፤ በኤችአይቪ ውስጥ ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚብስ ራስ ምታት የማጅራት ገትር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ከ50 በላይ ሆኖ ሲያበጥር የራስ ቆዳው፣ ሲያኝክ መንጋጋው የሚያመው ሰው ደግሞ ዓይኑን እንዳያጣ ቶሎ ይሂድ።

ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ጊዜው አጭር ነው። «ራሴን ያመኛል» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከሁለት ወር ጀምሮ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ይቀሰቅሰኛል፣ ግራ ዓይኔን ነው፣ 50 ደቂቃ ይቆያል፣ መተኛት አልችልም» በሉ። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ከታዘዘ ሌላ ነገር እንደሌለ ለማየት ነው፤ ክላስተርና ማይግሬን ራሳቸው በምስል አይታዩም። ውጤቱ «ንጹሕ ነው» ሲባል «ታዲያ ምንም የለብኝም ማለት ነው?» ብላችሁ አትሰበሩ። ሕመሙ አለ። ዓይነቱ እዚህ ካልተለየ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ጠይቁ።

አንድ ነገር አፍ አውጥቼ ልናገር። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሕመም ውስጥ፣ ሰው ሕይወቱን የሚጠላበት ደቂቃ አለ። እኔም አልፌበታለሁ። እንዲህ ካሰባችሁ ለብቻችሁ አትያዙት፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ንገሩ፣ ሐኪሙም ይስማው።

በእኛ ቤት አሁን ሥርዓት አለው። ባለቤቴ ስነሳ ትነቃለች። አታወራኝም፣ አትነካኝም፤ መጀመሪያ ላይ ለመደገፍ ስትሞክር እንዳባረርኳት ታውቃለች። የግቢውን መብራት ታጠፋለች። በሩን ለእኔ ትተዋለች። ማስኩን ስይዝ ሲሊንደሩን ትከፍትልኛለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፣ ደብተሩን ትገልጣለች፣ ሰዓቱን ትጽፋለች።